ሴቴኒል ለመሄድ «ሴቴኒል» ጣቢያ አትውረዱ

ሴቴኒል ዴ ላስ ቦዴጋስን በፎቶ ያያት ይለያታል፦ ነጫጭ ቤቶች፣ ከላያቸው የተንጠለጠለ ግዙፍ አለት። በደቡብ ስፔን በካዲስ ክፍለ ሀገር የምትገኝ፣ ነዋሪዋ 3,000 የማይሞላ ከተማ ናት። እኔ የገባሁት ከጎረቤቷ ከተማ ከሮንዳ በአውቶቡስ ነው፤ መንገዱ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የሚያናድደው የባቡሩ ነገር ነው።

ከአልሄሲራስ ተነስቶ በሮንዳ በኩል ቦባዲያ በሚደርሰው መስመር ላይ «ሴቴኒል» የሚባል ጣቢያ አለ። ካርታው ላይ ስሙ ጉልህ ነው። ከከተማዋ 8 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚርቅ ግን የሚናገር የለም። ባቡሩ በቀን የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ፣ የወረደ ሰው «በሚቀጥለው ልመለስ» ማለት አይችልም። ታክሲ ቆሞ አይጠብቅም፤ በሐምሌ ፀሐይ ደግሞ ያን ዳገት ቁልቁለት በእግር ማንም አይሞክረው። ቱሪስት መረጃ ብትጠይቁ «አዎ፣ ባቡር አለ» ይሏችኋል። ውሸት አይደለም፤ ከውሸት የማይሻል እውነት ነው። አንዲት መስመር ማስጠንቀቂያ መጻፍ ምኑ እንደሚከብድ አይገባኝም። ምክንያቱ እኮ ቀላል ነው፦ ሐዲዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዞች ገንዘብ ሲዘረጋ የተፈለገው በጂብራልታር ፊት ለፊት ያለውን የአልሄሲራስ ወደብ ከመሀል አገር ማገናኘት ነበር፤ ገደል ውስጥ ለተሸጎጠች ከተማ ሲባል አይጠመዘዝም።

ሌላው አሳሳች ነገር አስተዳደሩ ነው። ከተማዋ የካዲስ ብትሆንም ኑሮዋ ከሮንዳ ጋር ነው፤ ሮንዳ ደግሞ የማላጋ ክፍለ ሀገር ናት። ስለዚህ መጓጓዣ ከካዲስ በኩል አትፈልጉ። በመኪና የምትመጡ፣ ስልካችሁ «ወደ ታች ግቡ» ቢልም አትስሙት፤ ላይ አቁማችሁ በእግር ውረዱ።

ወርዳችሁ ከመብላታችሁ በፊት አለቱን እዩት። ቤቶቹ ተፈልፍለው የተሠሩ ናቸው የሚል ሰው ሞልቷል፤ አይደሉም። የጓዳልፖርኩን ወንዝ አለቱን ከሥር እየቦረቦረ ሲሄድ የላይኛው እንደ ጣሪያ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ሰው የጨመረው በዋናነት የፊት ግድግዳውን ነው። ኖራ የተቀባው ግንብ ከአለቱ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ ተጠግታችሁ ተመልከቱ፤ ቀጥ ያለ መስመር የለም፣ ግንበኛው የአለቱን ጉብታ እየተከተለ ነው የዘጋው። ኩዌባስ ዴል ሶል ፀሐይ የሚያገኘው ጎዳና ነው፤ ለፎቶ ይሄ ይሻላል። ኩዌባስ ዴ ላ ሶምብራ ላይ ግን አለቱ መንገዱን ራሱ ተሻግሮ ስለሚሸፍነው ቀትር ላይም ጥላ ነው። ለማየት እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አስጎብኚዎች ከተማዋ በጦር የተከበበችባቸውን ሰባት ከበባዎች ይቆጥራሉ። እኔ ሁለቱን ያዙ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1407 የክርስቲያኑ የካስቲያ መንግሥት እንደራሴ ፈርናንዶ ከቦ ሳይሳካለት ተመለሰ። በመስከረም 1484 የነገሥታቱ የፈርዲናንድና የኢዛቤላ ጦር ከባድ መድፍ ይዞ መጣ፤ የግራናዳ ሙስሊሞች ምሽግ በሳምንታት ውስጥ እጅ ሰጠ። ሮንዳም በግንቦት 1485 ተከተለች። ከምሽጉ ዋናው ግንብና የውኃ ማጠራቀሚያው ዛሬም አሉ። በስሟ ያሉት «ቦዴጋስ» የወይን ጠጅ ማከማቻ ጓዳዎቹ ናቸው፤ የወይን ተክሉን ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የሚባለው ተባይ ስላጠፋው ዛሬ ዙሪያው ወይራ ነው።

ሮንዳንና ሴቴኒልን «የአንድ ሸለቆ ከተሞች» ብሎ የሚጽፍ ካጋጠማችሁ አትመኑት። የሮንዳው ወንዝ ጓዳሌቪን በጓዲያሮ ወንዝ በኩል ሜዲትራኒያን ይገባል፤ የሴቴኒሉ ውኃ ግን በጓዳሌቴ ወንዝ በኩል ካዲስ ባሕረ ሰላጤ፣ ማለትም አትላንቲክ ይደርሳል።

ለከተማዋ ግማሽ ቀን ይበቃል። ከሮንዳ ሳትነሱ የመመለሻውን አውቶቡስ ሰዓት ጠይቁ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ።