ጅቡ ቁርበት ሲጠይቅ

ለአኒሜሽን ስክሪፕት መጻፍ እየተማርኩ ነው። ሰሞኑን ሐሳቤን ሁሉ የያዘው አንድ ጅብ ነው።

ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። አለቀ። አንድ መስመር ናት፣ ግን ውስጧ መንገድ አለ፣ የዋህ ባለቤቶች አሉ፣ ደፋር እንግዳ አለ። ቁርበቱ ደግሞ ለጅብ መኝታ ሳይሆን እራት ነው። ለአንድ ደቂቃ አኒሜሽን ከዚህ የተሻለ ነገር የት ይገኛል ብዬ ያዝኩት።

ተረት ሲነገር «ጅቡ በአገሩ ስሙ የጠፋ ነበር» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሰሚው ይገባዋል። የምትስለው ጓደኛዬ ግን ወረቀቱን አይታ «እሺ፣ ስሙ የጠፋ ጅብ ምን ይመስላል?» አለችኝ። ከዚያች ጥያቄ ወዲህ የምጽፈውን ዐረፍተ ነገር ሁሉ በእሷ ዓይን ነው የማየው። ስሙ መጥፋቱ አሁን እንዲህ ሆኗል፦ ጅቡ በራሱ መንደር ያልፋል፣ በሮች ተራ በተራ ይዘጋሉ፣ አንዲት እናት ግልገሏን ታቅፋ ሮጣ ትገባለች። ንግግር የለም። ከዚያ ወደ ሌላው አገር፦

ውጪ። የጎጆ ደጅ። ምሽት።
ጅቡ ጋቢውን ያስተካክላል። ጅራቱ ከጋቢው ሥር ብቅ ይላል። በእግሩ መልሶ ይገፋዋል።
ጅብ፦ ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ።
አባወራ፦ ቤት የእግዜር ነው። ግባ።

በዚህች ትንሽ ቦታ ውስጥ ማን ማንን እያታለለ እንደሆነ ይታያል። ጅራቱ ይናገራል፣ እኔ ዝም እላለሁ። ይሄ ዝምታ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ከባድ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ያደግነው በተራኪ ድምፅ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን፣ አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን እየተረኩልን፣ ጆሯችን ተረቱን ከተራኪው ለይቶ አያውቅም። እወደዋለሁ ያንን ድምፅ። ግን አኒሜሽን ውስጥ ተራኪው ጅቡ ተንኮለኛ ነው ካለ በኋላ ለሥዕሉ ምን ሥራ ቀረው? በ2025 በኦስካር ምርጥ አኒሜሽን የተባለው የላትቪያ ፊልም እኮ አንድም ንግግር የለውም። የተሠራውም ብሌንደር በሚባል፣ ማንም ሰው በነጻ በሚያወርደው ሶፍትዌር ነው። ይሄንን ሳውቅ ልቤ በጣም ነው የተነሳሳው።

ሌላው የተማርኩት ነገር የአንድ መስመር ዋጋ ነው። አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ አለው። ብዙ ጊዜ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ይያዛል፣ ስለዚህ በእጅ ለሚስል ሰው ለሰከንድ 12 ሥዕል፣ ለደቂቃ 720 ሥዕል ማለት ነው። ሁሉም ነገር ያለማቋረጥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ። በካሜራ ለሚቀረጽ ፊልም «መርካቶ፣ ገበያው ሞልቷል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ ካሜራውን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ገበያው ሞልቶ ይጠብቅሃል። እዚህ ግን ያ ሰው ሁሉ ከነልብሱ ከነአረማመዱ በሰው እጅ ይፈጠራል። ለእማወራዋ ቀሚስ ጥለት ልጽፍላት ፈልጌ ነበር። ጥለቱ ሴትዮዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ከቀሚሱ እጥፋት ጋር አብሮ መታጠፍ አለበት፣ ያ በእጅ ሲሳል የሰው ጉልበት ይበላል። ጥለቱ ቀረ። ጉልበቱን ለቁርበቱ አዋልነው። ጅቡ አጎንብሶ ያሸተዋል፣ አፍንጫው ይርገበገባል፣ አንዲት ጠብታ ምራቅ ቁርበቱ ላይ ጠብ ትላለች።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የድምፁ ጉዳይ ነው። በአኒሜሽን አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ቀድሞ ይቀዳል፣ አፉ ከዚያ በኋላ በድምፁ ልክ ይሳላል። ከውጭ መጥተው አማርኛ የተጫነባቸው ካርቱኖች ላይ የምናየውን አስቡት። አፉ ተዘግቶ ቃሉ ይቀጥላል፣ ወይ ቃሉ አልቆ አፉ ይንቀሳቀሳል። ተርጓሚው የቻለውን ያህል ቢጥርም አፉ ለሌላ ቋንቋ ነው የተሳለው። እኛ ከመነሻው በአማርኛ ስንጽፍ ግን አፉ የራሳችን ነው! ፊደል ገበታውም ግማሹን ሥራ ይሠራልናል። ካዕብና ሳብዕ ከንፈር ያሞጠሙጣሉ፣ ራብዕ አፍ ያስከፍታል፣ በ እና መ ከንፈር ይዘጋሉ። «ቁርበት አንጥፉልኝ» የሚለውን ቀስ ብላችሁ በሉት እስቲ። ቁ ላይ ከንፈር ይሞጠሙጣል፣ በ ላይ ይገጥማል፣ አ ላይ ይከፈታል፣ ፉ ላይ ደግሞ ይሞጠሙጣል። በዚያ ረጅም የጅብ አፍ ላይ ምን እንደሚያምር! ጓደኛዬ መስታወት ፊት ቆማ እያለችው ነው የሣለችው።

የቃላቱ ቅደም ተከተልም አለ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። ጅቡ «ቁርበት» ሲል ባለቤቶቹ ገና ምን ሊል እንደሆነ አያውቁም። ይሸጥልኝ ሊል ይችላል፣ ይነሳልኝ ሊል ይችላል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ላይ ንግግሩን ለሁለት ከፈልኩት። «ቁርበት» ላይ ባልና ሚስት ይተያያሉ። ትንሽ ፋታ። «አንጥፉልኝ» ላይ ፊታቸው ይፈታል፣ እማወራዋ ብድግ ትላለች። የተመልካቹ ሆድ የሚሸበረው በዚያች ፋታ ነው፤ ቋንቋው ራሱ ሰጠኝ።

ስቶሪቦርዱን፣ ማለትም ትዕይንቶቹ በተራ የተሳሉበትን ረቂቅ፣ በድምፅና በሰዓት አገጣጥመን ለእህቴ ልጅ አሳየኋት። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ። ጅራቱ ጋ ስትደርስ «ጅብ ነው! አታስገቡት!» ብላ ጮኸች። ስድስት ዓመቷ ነው። ድምፁን ስከፍትላት ደግሞ «ቤት የእግዜር ነው» የሚለው ላይ በጣም ተናደደች፤ አባወራው ለምን ዝም ብሎ እንዳስገባው እስካሁን ትጠይቀኛለች።

ያልጨረስነው የጠዋቱን ትዕይንት ነው። አባወራው በሩ ላይ ቆሟል፣ የቁርበቱ ግማሽ የለም። ጅቡ ምን ይበል? ጓደኛዬ ምንም አይበል፣ ጉንጩ ሞልቶ ይታይ ባይ ናት። እኔ አፉ እንደሞላ «እንዴት አደራችሁ?» እንዲል እፈልጋለሁ፤ ያደረበትን ቤት ቁርበት በልቶ እንኳን የእንግዳ ወጉን አይረሳም፣ ጅብነቱ ጎልቶ የሚወጣውም ያኔ ነው። የጅቡን ድምፅ የሚሠራልን ልጅ ቅዳሜ ይመጣል። በሁለቱም መንገድ እንቀዳዋለን።