ደጀን ላይ ያፈሰሰችው ብዕር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ አዲስ አበባ ስልጠና ቆይቶ ሲመለስ ያቀረበው የአልጋ ደረሰኝ ግማሹ ሰማያዊ ነበር። ቀለሙ የደረሰኙን ቁጥርና የብሩን ልክ ውጦታል። ሒሳብ ሹሟ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «ወንድሜ፣ ይኼን አላወራርድልህም። ኦዲተር ሲመጣ አንተ መልስ ትሰጥልኛለህ?» አለችው።

ጥፋተኛዋ ከደረሰኙ ጋር በአንድ የደረት ኪስ የተቀመጠች አጭር የቀለም ብዕር ናት። እንዲህ ያሉት ብዕሮች ለኪስ ተብለው የተሠሩ ናቸው። በዚህ ቅርጽ የሚታወቀው የጀርመኑ ካዌኮ ስፖርት ተዘግቶ 10.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክዳኑ ከኋላ ሲሰካበት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ እጅ ይሞላል። የጸሐፊው ርካሽ ናት፤ ቀፎዋም ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀለሙ ምን ያህል እንደቀረ ከውጭ ይታያል። ካርትሪጁን፣ ቀለም የሚይዘውን ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ አውጥቶ ቀለሙን በቀጥታ ቀፎው ውስጥ ነበር የሚሞላው።

ቢሮው ውስጥ ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፦ የቻይና ዕቃ ነው፣ ተሰንጥቋል። የቧንቧ ሥራ የሚሞካክር አንድ ባልደረባ ጫፏ ቀፎው ላይ በሚጠመዘዝበት ጥርሷ ላይ ቴፍሎን ጠቀለለላት። በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና አፈሰሰች። ሊጥላት ሲል ነው የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ የጠየቁት።

«የት ላይ ነው የምታፈስብህ ልጄ?»

«ደጀን ነው ጋሼ፤ ሻይ ልንጠጣ ከአውቶቡስ ስንወርድ አየኋት።»

«ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስትወርዱስ?»

«ኧረ ደረቅ ነበረች።»

«እንግዲያው ብዕሯን ተዋትና አየሩን ጠይቅ።»

ሽማግሌው ነገሩን የሚያውቁት ከውሃ ጠርሙስ ነው። ባዶ ሃይላንድ የዓባይ ድልድይ ላይ ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ ደጀን ላይ የከፈተው ሰው «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ደጀን ላይ ዘግቶ ወንዙ ድረስ ቢወርድ ደግሞ ጠርሙሱ ጎኑ ይጨማደዳል። ጎሃ ጽዮን 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ የዓባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር እምብዛም አይበልጥም፣ ደጀን ደግሞ ወደ 2400 ትመለሳለች። የአየር ግፊቱ ደጀን ላይ ከድልድዩ ጋር ሲተያይ 15 በመቶ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ታች የታሰረ አየር ላይ ሲደርስ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል።

በብዕሯ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ቁልቁለቱን ስትወርድ የውጩ ግፊት እየበረታ በጫፏ በኩል አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ያኔ ምንም አይታይም፤ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። ዳገቱን ስትወጣ ያ ሁሉ አየር ይለጠጥና ፊቱ ያለውን ቀለም እየገፋ ያስወጣል። 2 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቀፎ ውስጥ የቀረው ቀለም ግማሽ ሚሊ ሊትር ቢሆን አየሩ 1.5 ነው፤ ከዚያ ሩብ ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም አምስት ጠብታ ገደማ ይገፋል። ከጫፉ ሥር ያለው ባለ ስንጥቅ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ቀለም መጋቢው፣ ጥቂቱን በስንጥቆቹ ይይዛል። የቀረው ክዳኑ ውስጥ ይጠራቀምና ሲከፈት ይወርዳል። ቀፎው ሙሉ ቢሆንና አየሩ ከ0.2 ሚሊ ሊትር ባይበልጥ ግን የሚገፋው አንድ ጠብታ እንኳ አይሞላም፤ መጋቢው ይውጠዋል። ቀለም ላለማባከን ብሎ ግማሽ ብዕር ይዞ የሚጓዝ ሰው ነው ልብሱን የሚያበላሸው።

ቴፍሎኑም ያልሠራው ለዚህ ነው። ቀለሙ በጥርሱ በኩል አልወጣም፤ የወጣው ሁልጊዜ ክፍት በሆነው በጫፉ ነው። ያንን መድፈን ደግሞ አይቻልም፤ ቀለም ሲወጣ በምትኩ አየር የሚገባው በዚያው ነውና። አቀማመጥ ግን ይረዳል። ጫፏ ወደ ላይ ከሆነ አየሩ ጫፉ ዘንድ ስለሚሆን ሲለጠጥ ራሱ ይወጣል፣ ቀለሙ ከታች ይቀራል። የጸሐፊው ብዕር ኪስ ጠርዝ ላይ የሚይዛት ማንጠልጠያ የላትም፤ አንዳንድ የኪስ ብዕሮች ያለ ማንጠልጠያ ነው የሚሸጡት። ኪስ ውስጥ ተገልብጣ ነበር። ማንጠልጠያ ለብቻው ይሸጣል፤ ካልተገኘ ቦርሳ ውስጥ ጠባብ ኪስ ላይ ጫፏን ወደ ላይ አድርጎ መሰካት ይበቃል። ከጉዞ በፊት ወይ አፍ እስከ ገደፏ መሙላት፣ ወይ ፈጽሞ ባዶ አድርጎ ማጠብ። ደጀን ላይ የግድ መጻፍ ካለብህ ጫፏን ወደ ሰማይ አድርገህ ክፈትና ሶፍት አስነካት።

ይኸው ጠባይ መንገድ ሳይወጡም ይታያል። ደብረ ማርቆስ ላይ በብርዳማ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ያደረች ብዕር ሞቃት እጅ ውስጥ ስትገባ፣ ቀለሟ ከጎደለ፣ የውስጡ አየር ሞቆ አንዲት ጠብታ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። ሲሶ ሲቀራት መሙላት ነው መፍትሔው።

አሞላሉ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያ ቀፎው ለዚህ የሚሆን መሆኑን ማየት፤ ከኋላው ቀዳዳ ካለው ወይም ውስጡ ብረት ካለበት አይሆንም፣ ብረቱን ቀለም ይበላዋል። አዲስ ብዕር ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ስለሚኖርበት ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ታጥቦ በደንብ ይለቅለቃል፤ ፈልቶ የወረደ ውሃና አልኮል ፕላስቲኩን ያበላሻሉ። ከደረቀ በኋላ ጥርሱ ላይ ሲሊኮን ግሪስ በስሱ ይቀባል፤ ጥርሱ ሥር ልኩ የሆነች ኦሪንግ፣ የጎማ ቀለበት፣ ብትገባ ደግሞ የበለጠ ነው። ግሪሱ የማኪያቶ ማሽን የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ አይጠፋም። ቫዝሊን ግን ይቅር፤ ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል፣ አንዳንዱን ኦሪንግም ያሳብጣል። የመኪና ግሪስማ አይነሣ።

ቀለሙ በስሪንጅ ይቀዳል። የመርፌው ጫፍ ቀፎው ታች ድረስ ገብቶ ቀስ እየተባለ ይገፋል፤ ከላይ ከተለቀቀ አረፋ ይሠራል። ከጥርሱ በታች ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀር ማቆም ነው፤ እስከ ጥርሱ ከሞላ ሲጠብቅ ተርፎ እጅ ላይ ይፈሳል። ቀፎው ቆሞ ጫፉ ከላይ ተጠምዝዞ ይጠብቅና ከዚያ ተገልብጦ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ቀለሙ እስኪወርድ። ካልወረደ አራግፎ ግድግዳ ከማበላሸት ጫፉን እርጥብ ሶፍት ላይ ማስነካት ይሻላል።

ይኼ ሁሉ ጣጣ ለሆነበት ሰው አጭሯ ካርትሪጅ አለች። የምትይዘው 0.8 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ባዶ ስትሆን ታጥባ በስሪንጅ እንደገና ትሞላለች። አየሯ ትንሽ ስለሆነ ዓባይን ለሚመላለስ ሰው የምትመረጠው እሷ ናት። አፏ እየሰፋ ሲመጣና ስትሰካ «ቀጭ» ማለት ስትተው መለወጥ አለባት።

ጎጃም ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀለም በቅርብ ይገኛል፤ ሁለቱም ለዚህች ብዕር አይሆኑም። አንደኛው የማኅተም ቀለም ነው። ቢሮ ሁሉ ስላለው እጅ ቶሎ ወደሱ ይሄዳል፤ ግን እንዳይደርቅ ሆኖ የተሠራ ወፍራም ቀለም ስለሆነ በጠባቡ መጋቢ አይወርድም፣ ወረቀትም ላይ ይዘረጋል። ሁለተኛው የቁም ጸሐፊዎች የብራና ቀለም ነው። ጥላሸት ያለበት ስለሆነ ዘመናት ይቆያል፤ መቃው ተወልውሎ፣ ሲደነዝዝም ተቀርጾ ስለሚሠራበት ችግር የለውም። ብዕር ውስጥ ከገባ ግን ጥላሸቱ ዘቅጦ ይደርቅና መጋቢውን ይደፍነዋል። ለቀለም ብዕር ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን እንደ ፓርከር ኩዊንክ ያለውን መያዝ ነው። ከእሱም ቢሆን የሚታጠበው ሰማያዊ ለቃለ ጉባኤ አይመከርም፤ አንዲት የሻይ ጠብታ ፊርማ ታጠፋለች። ጥቁሩ ወይም ጠቆር ያለው ቋሚ ሰማያዊ ይሻላል።

ጫፉ ቀጭን መሆን አለበት። የእኛ ፊደል ጨ፣ ጩ፣ ጪን የሚለየው በትናንሽ ቅጥያ ነው፤ መካከለኛ ጫፍ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ቀለሙ ሲሰፋ የጯ እና የቋ ቀለበት ይደፈናል። ቀጭኑ ሳይደፍን ይጽፋል፣ ቀለምም ይቆጥባል። እጅ ሳይጫን በራሱ ስለሚፈስ ረጅም የጠቅላላ ጉባኤ ውሎ ሲጻፍ ጣት አይዝልም፤ ለዚህ ሲባል ጣጣውን መቻል ያዋጣል።

ከንብረት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ግን እስክሪብቶ አይነሣም። የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞቹ፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22፣ በካርቦን ነው የሚሞሉት፤ የቀለም ብዕር በላላ እጅ ተጽፎበት ቀሪው ቅጂ ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ ልጫን ቢሉ ደግሞ ጫፉ ይጣመማል።