ካንቤራ መትረየስ የለውም

የምሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ባነር ቤት ነው። ሠርጉም፣ ምርቃቱም፣ ሙት ዓመቱም በእኛ ማሽን ያልፋል።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ደንበኛ በቴሌግራም ትእዛዝ ላከ። ለአባቱ ሙት ዓመት ነው። ጽሑፉ አባትየው የካንቤራ ቦምብ ጣይ አብራሪ እንደነበሩና በኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያን ተዋጊ ጄቶች፣ ሚጎቹን፣ «እንዳረገፉ» ይላል። ከኢንተርኔት ያወረደው የጄት ፎቶም አብሮ አለ። ዲዛይነራችን ደግሞ ነገር ማሳመር ይወዳል። ከላይ አባትየው በዩኒፎርም፣ መሀል ላይ እንደ ዝናብ የሚወርድ ቦምብ፣ ከታች እሳት። ልጁ አየና «አሪፍ ነው፣ ይታተም» አለ። ታተመ።

ባነሩን ሊወስዱ የመጡት የሟች እህትና ድሮ አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን ቴክኒሽያን የነበሩ አንድ መቶ አለቃ ናቸው። ወለሉ ላይ ዘረጋሁላቸው። መቶ አለቃ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አውሮፕላናቸው ነዋ።»

«የማን? ይሄ እኮ ባለ አንድ ሞተር ነው!»

ከዚያ በኋላ ወንበር ሳብኩላቸው፤ ቡናም አዘዝኩ። ካንቤራ የእንግሊዝ ሥሪት ነው። በፈረንጆቹ 1968 አራቱ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ሁለት ሞተር አለው፣ ክንፎቹ ላይ። ሞተሩ የሚነሳው በካርትሪጅ ነው። ያቺ እንደ ጥይት ያለች ነገር ስትፈነዳ ጋዙ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ጥቁር ጭሱም ቡልቅ ይላል። መቶ አለቃ ይህን ሲያወሩ ጭሱ አሁንም ያለ ይመስል እጃቸውን ፊታቸው ላይ ያራግባሉ።

«ሚጎቹን የጣሉት የእኛ ተዋጊ ጄቶች፣ ኤፍ-5ዎቹ ናቸው። ካንቤራ መትረየስ እንኳ የለውም፤ በምኑ ይተኩሳል? ደግሞስ ብቻውን ነው እንዴ የበረረው? ሦስት ሰው ነው የሚይዘው። ሁለቱን ልጆች የት ጣላችኋቸው?»

ቦምቡን የሚለቀውም ፓይለቱ አይደለም አሉ። አነጣጣሪው አፍንጫው ውስጥ በሆዱ ተኝቶ፣ በመስታወቱ ቁልቁል እያየ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀጥ እያለ ይመራዋል። ፓይለቱ እስኪለቀቅ ድረስ ንቅንቅ አይልም። «ከታች እየተተኮሰብህ ቀጥ ብሎ መብረር ቀልድ መሰለህ?» አሉኝ። እውነት ለመናገር ከዲዛይነራችን እሳት ይልቅ ይሄ ነው ያስፈራኝ።

እትዬ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። «እኔስ እሳቱን አልወደድኩትም» አሉ። እናታቸው ልጅ ሳሉ ጣሊያን ደሴን የደበደበ ዕለት እዚሁ ነበሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 መሆኑ ነው፤ ንጉሡ ከተማው ውስጥ ነበሩ፣ የቀይ መስቀል ሕክምናም ሳይቀር ተመታ። እናትየው እስኪሞቱ አውሮፕላን ሲያልፍ ወደ ቤት ይገቡ ነበር። «ልጃቸው ፓይለት ሆኖ እንኳ አለቀቃቸውም። እና የኔ ልጅ፣ እሳቱን አጥፋልኝ።»

ልጁ ጋ ደወልን። መጀመሪያ ተቆጣ። መቶ አለቃ «እስቲ አባትህ ስለ ሚግ አውርቶህ ያውቃል?» ብለው ጠየቁት። «አይ... ስለ ጦርነቱ ምንም አያወራም ነበር» አለ። አባትየው ዝም ያሉትን ፌስቡክ ሞልቶለት ኖሯል።

እትዬ በማግስቱ የበረራ መዝገቡን በነጠላ ጠቅልለው አመጡ። ጠርዙ ተበልቷል እንጂ ጽሑፉ ቁልጭ ያለ ነው። ቀን፣ የአውሮፕላን ቁጥር፣ አብረው የበረሩት ሰዎች ስም፣ ሰዓት። ከሐምሌ 1969 ጀምሮ፣ የሶማሊያ ጦር ከገባ ወዲህ ማለት ነው፣ ገጾቹ ጠቅጠቅ ይላሉ። ጀብዱ የሚባል ዓምድ የለውም። የሁለቱን ስም ከዚያ ላይ አገኘን፤ መቶ አለቃም አረጋገጡልን።

አዲሱ ባነር ላይ ባለ ሁለት ሞተሩ ካንቤራ ባዶ ሰማይ ላይ አለ። ከሥሩ ሦስት ስም፣ በእኩል ፊደል። ዲዛይነራችን «ቀዘቀዘ» ብሎ አጉረመረመ። አለቃችን ግን ከዚያን ቀን ወዲህ የሙት ዓመት ሥራ በቴሌግራም «አሪፍ ነው» ብቻ አያትምም። ሟቹን ቀርቦ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው መጥቶ ያንብብ ይላል። መምጣት ካልቻለ በስልክ እናነብለታለን። ሥራው ይዘገያል፣ ደንበኛም ይነጫነጫል።

ልጁ የሁለቱንም ባነር ሒሳብ የከፈለው ተከራክሮ ተከራክሮ ነው። ለሙት ዓመቱ ደሴ ሲመጣ መዝገቡን ይዞ ሱቃችን ገባ። ገጽ በገጽ ስካን ይደረግልኝ አለ። የዚያን ዋጋ እንኳ አልጠየቀም።