አምስቱ ቀይ ሳጥኖች

የእሳት አደጋ ጣቢያው ካፒቴን ወረቀቱን በፕላስቲኩ መከለያ ሥር አሾልከው ሰጡኝና "እስኪ ቁጠሪ" አሉኝ። ጊዜው ሜይ 2021 መጀመሪያ ላይ ነው። የምሠራው በሰሜን ካሊፎርኒያ በአንዲት ከተማ አስተዳደር፣ ደመወዝ ክፍል ውስጥ ነው።

ወረቀቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የፈረቃ ካላንደር ነበር። ቀኖቹ በሦስት ቀለም ተቀብተዋል፤ ኤ ፈረቃ ቀይ፣ ቢ ሰማያዊ፣ ሲ አረንጓዴ። አንድ ፈረቃ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ማለትም 48 ሰዓት፣ ጣቢያ ውስጥ እየበላ እየተኛ ይሠራል፤ ከዚያ አራት ቀን እቤቱ ነው። ይህን ካላንደር ሁለት ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ተለጥፎ አየው ነበር። ቁጭ ብዬ ሳጥኖቹን ቆጥሬ ግን አላውቅም።

ካፒቴኑ የመጡት ለራሳቸው አልነበረም። ከእሳቸው ጋር ስለሚሠራ አንድ ወጣት ነበር። ልጁ ጃንዋሪ ላይ ፈረቃው መሐል ትኩሳት ያዘው፤ የመጀመሪያውን ቀን ሠርቶ በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤቱ ላኩት። ኮቪድ ነበር። ሳሉ አልለቅ ብሎት አራት የሥራ ቀን፣ 96 ሰዓት፣ ቀረ። ገና አዲስ ስለሆነ የተጠራቀመ የሕመም ፈቃዱ 60 ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው 36 ሰዓት ያለ ክፍያ ሄደ።

ለምን ከራሱ ፈቃድ ተቆረጠ? እዚህ ላይ ሕጎቹን መናገር አለብኝ። ማርች 2020 የወጣው የፌዴራል ሕግ በኮቪድ ለታመመ ሠራተኛ የተከፈለበት ፈቃድ ቢሰጥም፣ ቀጣሪዎች የአደጋ ጊዜ ሠራተኞችን ከዚያ ውስጥ ማስወጣት ይችላሉ የሚል ቀዳዳ ነበረበት። በሽተኛ ቤት ድረስ ገብተው ኦክስጅን የሚያለብሱት ሰዎች ማለት ናቸው! ካሊፎርኒያ ያንን ቀዳዳ በሴፕቴምበር 2020 በራሷ ሕግ ሞላችው። ሕጉ ግን ዲሴምበር 31 አበቃ። ወረርሽኙ እኛን ክፉኛ የመታን ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ነው። በጃንዋሪ የታመመ ሰው መሐል ሜዳ ላይ ቀረ።

ገዥው ኒውሰም ኤስ ቢ 95 የተባለውን አዲስ የኮቪድ ፈቃድ ሕግ የፈረሙት ማርች 19፣ 2021 ነው። ከማርች 29 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የታመሙትንም ያካትት ነበር። ከ25 በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ሁሉ ይገደድ ነበር። ሠራተኛው በጽሑፍም በቃልም መጠየቅ ይችል ነበር። (ይህችን "በቃል" የምትለዋን ስንቱ ወገናችን አያውቃትም ነበር! በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህታችን ደብዳቤ የሚጽፍላት ሰው ስትፈልግ ወር ሙሉ ከርማለች።)

ለእኛ ክፍል የደረሰን የሕጉ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ነበር። "የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ፦ 80 ሰዓት" ይላል። እኔም ሶፍትዌሩ ላይ አዲስ የፈቃድ ኮድ ከፍቼ ጣሪያውን 80 አደረግኩት። ጸሐፊውም፣ የመናፈሻ ሠራተኛውም፣ እሳት አጥፊውም አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ልጁ ሲጠይቅ 80 ሰዓቱን መለስኩለት። ደስም ብሎኝ ነበር። ኤፕሪል ላይ ሁለተኛውን ክትባት ወስዶ በማግስቱ ሲያተኩሰው አንድ የሥራ ቀን፣ 24 ሰዓት፣ ቀረ። የክትባት ሕመምንም ሕጉ ይሸፍን ነበር። ሲስተሙ ግን "ተሟጧል" አለ፤ ከራሱ ቆረጥኩ።

"ከታመመበት ቀን ወደ ኋላ ሁለት ሳምንት ቁጠሪ" አሉኝ ካፒቴኑ።

በእርሳስ ጀመርኩ። አንድ ቀይ። አራት ቀን ዝለል። ሁለት ቀይ። አራት ዝለል። ሁለት ቀይ። አንድ ባዶ ቀን፤ አሥራ አራት ሞላ። አምስት ቀይ ሳጥን።

"አምስት ጊዜ ሃያ አራት ስንት ነው?"

"120" አልኳቸው።

"ሕጉ እኮ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ እንዲህ ነው የሚቆጥረው" አሉ። ድምፃቸውን አላነሡም። እኔ ግን ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። "ከማጠቃለያው ጋር አስተያይቼ እደውልልዎታለሁ" አልኳቸው። "ከማጠቃለያው ጋር አይደለም፣ ከሕጉ ጋር" አሉኝና ካላንደሩን ትተውልኝ ወጡ።

የምሳ ሰዓቴን ትቼ ሕጉን ራሱን አነበብኩት። ረጅም አይደለም። ከ80 ሰዓቱ አንቀጽ አጠገብ ቁጭ ብሏል፦ ፈቃዱን ከመውሰዱ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ከ80 ሰዓት በላይ ሥራ የተመደበ የእሳት አደጋ ተከላካይ፣ የሚገባው ልክ ያን የተመደበበትን ሰዓት ያህል ነው። ይህን አንቀጽ ያስገባ ሰው 24 ሰዓት የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ሲቀር ሦስት የቢሮ ቀን እንደሚበላበት ያውቃል። 80 ሰዓት ለእኔ አሥር የሥራ ቀን ነው፤ ለልጁ ሦስት ቀንና የአንዱ ሲሶ። እዚያ በካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ውስጥ አንድ ሰው አስቦላቸው በጽሑፍ ያሰፈረውን፣ እዚህ እኔ በአንድ ቁጥር ደመሰስኩት። ያ ነው ያንገበገበኝ።

ሕጉ በገንዘብ በኩል የራሱ ጣሪያ ነበረው፤ በቀን 511 ዶላር፣ በጠቅላላው 5,110። ከተማችን ከዚያ በላይ ያለውን ራሷ ትሸፍን ስለነበር የእኛ ጥያቄ የሰዓት ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለአለቃዬ ሄጄ ነገርኳቸው። "ማጠቃለያው ነው ያሳሳተኝ" ማለት እችል ነበር፤ ጣሪያውን ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ፣ እንደዚያው ነገርኳቸው። "ስንት ሰው ነው?" አሉኝ። አላውቅም ነበር። ሁለት ቀን ተቀምጬ የሁሉንም ፈረቃ ከካላንደሩ ላይ ስቆጥር አሥራ አንድ እሳት አጥፊዎች ጠይቀዋል፣ ሰባቱ ጎድሎባቸዋል። ከሰባቱ ቅሬታ ያቀረበ አንድም የለም። ካፒቴኑ እንኳ ነገሩን ያወቁት ልጁ ለመጀመሪያ ልጁ መወለጃ ያስቀመጠው ፈቃድ እንደሌለው በእራት ላይ ሲያወራ ሰምተው ነው።

ልጁ ጋ ራሴ ደወልኩ። ከበስተኋላው ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል፤ ጣቢያው ውስጥ ምግብ እየሠሩ ነበር። 40 ሰዓት እንደሚመለስለት፣ 16ቱ ከጃንዋሪ 24ቱ ከክትባቱ እንደሆነ ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅኩት።

ትንሽ ዝም አለና "እኔ እኮ ሕጉ እንደዚያ መስሎኝ ነው" አለኝ።

ይህች ቃል ከካፒቴኑ ወቀሳ በላይ ከብዳኛለች። የክፍያ ወረቀቱ ላይ የማትመውን ቁጥር እሱ ሕግ ነው ብሎ ነው የሚቀበለው። ሊያጣራ የሚችልበት ጊዜ የለውም፤ ደወል ሲደወል ሳህኑን ጥሎ ነው የሚሮጠው። የማጣራቱ ሥራ የእኔ ነበር።

ፌብሩዋሪ 2022 ሌላ ሕግ መጣ። ይኸኛው 40 ሰዓትና እንደገና 40 ሰዓት ብሎ ለሁለት ከፍሎታል፤ እሱም ወደ ኋላ ከጃንዋሪ 1 ይጀምር ነበር። ማጠቃለያው ኢሜይሌ ውስጥ ገብቶ ነበር። አልከፈትኩትም። መጀመሪያ የሕጉን ሙሉ ቃል አተምኩ፤ ቀጥዬ ካፒቴኑ ጋ ደውዬ "የዘንድሮውን ካላንደር ይላኩልኝ" አልኳቸው። ከጣቢያው ኩሽና ግድግዳ ላይ ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ፤ ጥጉ ላይ የቡና ጠብታ አለበት። እርሳሴን አነሣሁ።