ኮምፒውተራችሁ አልነሳ ሲል «ፎርማት ይደረግ» ለሚላችሁ አትስጡ

የቤቴ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አልነሳ ባለ ጊዜ ችግሩ አንድ ትንሽ ክብ ባትሪ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የጠየቅኋቸው ሁሉ የሰጡኝ መልስ አንድ ነበር፤ ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ያ መልስ የሰፈራችንን ዕድር የበርካታ ዓመታት መዝገብ በትኖብናል፤ ስለዚህ ሌላው ሰው አስቀድሞ እንዲያውቀው ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

መብራት ሌሊቱን ሄዶ ጠዋት ሲመጣ ኮምፒውተሩን አበራሁት። ማራገቢያው ዞረ፣ የፋብሪካው አርማ ታየ፣ ከዚያ ዊንዶውስ ሊገባ ሲል ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ዊንዶውስ የተጫነበትን ዲስክ ማንበብ አቃተኝ ማለቱ ነው። ራሱን አጥፍቶ ተነሳ፣ «አውቶማቲክ ሪፔር» ብሎ ሞከረ፣ አልቻለም፣ ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ።

የተለመዱትን ነገሮች በአጭሩ ልጥቀሳቸው። ኮምፒውተሩ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ሶኬቱን፣ ማከፋፈያውንና ከፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የመጣውን መብራት ለኮምፒውተሩ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ጀርባ ያለችውን ማብሪያ እዩ። ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነና ከጀርባው 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ ካለው፣ ሳትሰኩት በፊት 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ 115 ላይ እንዳለ በእኛ አገር 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ከቀረ ደግሞ ከሶኬት ነቅላችሁ ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ ሰሌዳ) አውጡ፣ የመዳቡን ጥርሶች በላጲስ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሳችሁ ግጠሙ። የእኔ ኮምፒውተር ግን ከሁለቱም አልነበረም፤ ሃርድ ዲስኩም ሲሽከረከር በጆሮዬ እሰማው ነበር።

ከዚያ ጥገና ቤት ወሰድሁት። የቤቱን ስም አልጠራም። ወጣቱ ባለሙያ ሰካው፣ ሰማያዊውን ስክሪን አየና ሽፋኑን እንኳ ሳይፈታ «ጋሼ፣ ዊንዶው ሞቷል። ፎርማት አድርገን አዲስ እንጭናለን፤ ነገ ይወስዱታል» አለኝ።

«ዲስኩ ላይ የዕድር መዝገብ አለ፤ የአባላት መዋጮ፣ ለቀብር የተከፈለው፣ የድንኳንና የወንበር ውሰት ሁሉ እዚያ ነው። ሳትጠይቀኝ ምንም እንዳትነካ» አልሁት።

«ችግር የለም፣ ባክአፕ እናደርጋለን።»

እኔ በቃል አላበቃሁም፤ በደረሰኙ ላይ «ዳታው እንዳይጠፋ፣ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ይደወልልኝ» ብዬ በእጄ ጽፌ፣ ስልክ ቁጥሬን አክዬ፣ እሱም ፈርሞበት ነው የሄድሁት። ማንም አልደወለም። በማግስቱ ስሄድ ኮምፒውተሩ ተነስቶ፣ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበት፣ ስክሪኑ ላይ ከቆሻሻ መጣያው ምልክት በቀር ምንም ሳይኖርበት ጠበቀኝ። መዝገቡ የታለ ብዬ ስጠይቅ «ዲ ላይ የነበረው አልተነካም» አለኝ። የእኔ ዲስክ ዲ የሚባል ክፍል ኖሮት አያውቅም፤ ሁሉም ሲ ላይ ነበር። ይህን ደግሞ ዲስኩን አንድ ጊዜ ከፍቶ ያየ ሰው ሊስተው አይችልም። ደረሰኙን አውጥቼ የራሱን ፊርማ ባሳየው የቤቱ ባለቤት መጣና ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈ ወረቀት ጠቆመኝ፤ «ለጠፋ ዳታ ኃላፊነት አንወስድም» ይላል። በፊርማ የተቀበሉትን ቃል ግድግዳ ላይ በለጠፉት ወረቀት ሊሽሩት ፈለጉ። በዚያ ላይ የጥገና ሒሳብ ጠየቁኝ። እስካሁን ድረስ የሚቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም፤ አንድ ስልክ መደወል ያልፈለገ ሰው የመቶ ቤተሰብ የሐዘን ቀን መዋጮ የተጻፈበትን መዝገብ እንደ ተራ ነገር መደምሰሱ ነው።

የጠፋውን ለመመለስ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኮምፒውተሩን አላበራሁትም፤ በዚህ እኮራለሁ። ፎርማት የተደረገ ሃርድ ዲስክ ላይ የቀድሞው ፋይል ወዲያው አይጠፋም፤ ሥፍራው ባዶ ነው ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ነው። በኮምፒውተሩ በሠራችሁ ቁጥር ግን ከላዩ ይጻፍበታል። ዲስኩን ፈትቼ በኬብል ከእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁትና ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፈለግሁ፤ የተገኘውንም በሌላ ዲስክ ላይ አስቀመጥሁ። ፎቶሬክ ፋይሉን ያወጣል እንጂ ስሙንና የነበረበትን ፎልደር አይመልስም። «የ2014 መዋጮ» የነበረው በኤፍ ፊደል ጀምሮ ረጅም ቁጥር ሆኖ ወጣ። እያንዳንዱን እየከፈትሁ፣ አንዱ የልጆች ፎቶ፣ አንዱ ከኢንተርኔት የመጣ ሥዕል፣ አንዱ የድንኳን ውሰት ዝርዝር እየሆነ፣ ከዕድሩ ገንዘብ ያዥ ጋር ለሳምንታት ለቀምን። አዲሱ ዊንዶውስ የተጻፈበት ሥፍራ ላይ የነበረው ግን አልተመለሰም፤ የጎደለውን ከአባላት እጅ ካሉ ደረሰኞች ሞላን፣ ደረሰኝ የጣሉ አባላትን ደግሞ በቃላቸው አመንን። ዲስኩ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ቢሆን ኖሮ ይህም አይገኝም ነበር፤ ኤስኤስዲ ላይ ዊንዶውስ የተደመሰሰውን ሥፍራ ቶሎ እንዲጸዳ ስለሚያዝዝ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ወራት አልፈው መብራት እንደገና ሌሊቱን ሄደ። ጠዋት ያው ሰማያዊ ስክሪን፣ ያው ጽሑፍ። በዚህ ጊዜ ወደ ማንም አልወሰድሁትም። ሲነሳ ኤፍ2ን እየተጫንሁ ወደ ባዮስ ገባሁ፤ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ የራሱ ማስተካከያ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀኑን ነው፤ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። ከሶኬት ነቅዬ ሽፋኑን ፈታሁና ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችውን ሲአር2032 ባትሪ አውጥቼ በመልቲሜትር ለካሁ። አዲስ ብትሆን 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ታሳይ ነበር፤ የእኔዋ 2 ቮልት እንኳ አልሞላችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባዮስ ቀኑንና ምርጫዎቹን የሚያስታውሰው፣ ኮምፒውተሩ ከሶኬት እስካልተነቀለ ድረስ በመብራቱ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በዚያች ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስትደክም አንድ ሌሊት መብራት ቢሄድ በቂ ነው፤ ምርጫው ሁሉ ከፋብሪካ ወደወጣበት ይመለሳል። የእኔ ኮምፒውተር የዲስክ አነባበብ ምርጫ ከፋብሪካ ሲወጣ «ሬይድ» ነው፤ ዊንዶውሱ ግን፣ የፊተኛውም ሆነ ጥገና ቤቱ የጫነው፣ የተጫነው «ኤኤችሲአይ» በሚለው ላይ ነበር። ምርጫው ሲለወጥበት ዊንዶውስ ዲስኩን ማንበቢያውን ያጣና በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። ዲስኩ ጤነኛ፣ ዊንዶውሱም ጤነኛ ነው። የመኪና ቁልፍ ባትሪ ከሚሸጡበት ሱቅ አዲስ ገዝቼ፣ የጽሑፉን ጎን ወደ ላይ አድርጌ ገጠምሁ፣ ቀኑን አስተካከልሁ፣ «ሳታ ኦፐሬሽን» የሚለውን ወደ ኤኤችሲአይ መለስሁ፣ አስቀምጬ ወጣሁ። ዊንዶውስ ገባ። ቡና ፈልቶ ሳይቀዳ ነው ያለቀው። የመጀመሪያውም ጊዜ ይኸው እንደነበር አልጠራጠርም፤ ያኔም ከመበላሸቱ በፊት ባሉት ሳምንታት መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሩ ሰዓት ይሳሳትና ብራውዘሩ ድረ ገጾቹ አስተማማኝ አይደሉም እያለ ያስቸግረኝ ነበር።

ስለዚህ ሰማያዊ ስክሪን ስታዩ ዊንዶውስ ራሱ የሚያቀርብላችሁን «ሪሴት» የሚለውን ምርጫ አትጫኑ፤ ፋይሎቼን አስቀርልኝ የሚለውንም ቢሆን። አስቀድማችሁ የባዮሱን ቀን እዩ። ቀኑ ከተሳሳተ ባትሪውን ቀይሩና የዲስኩን ምርጫ ፈትሹ። ሬይድና ኤኤችሲአይ መካከል መለዋወጥ ራሱ ዲስኩ ላይ ያለውን አይደመስስም፤ አንዱ ካልሠራ ወደ ሌላው መመለስ ይቻላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስክ በሬይድ አጣምሮ የሚጠቀም ሰው ግን ይህን አይሞክር። ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ዲስክ ካላችሁ ደግሞ የባዮስ ለውጥ 48 አሃዝ ያለውን መክፈቻ ቁጥር ሊያስጠይቃችሁ ስለሚችል ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አኑሩ። ማታ ማታ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉ የሚለው ምክር ከመብራት መለዋወጥ ያድነዋል፣ እኔም እነቅላለሁ፤ ነገር ግን የምትነቅሉ ሰዎች ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅባችሁ ዕወቁ። ኮምፒውተሩ ደህና በሆነበት ቀንም የባዮሱን ገጾች በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው።

ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ሃርድ ዲስኩን ፈትታችሁ ቤት አስቀሩት። ሁለት ኬብልና ጥቂት ብሎን ነው። «ያለ ዲስክ መመርመር አይቻልም» ይሏችኋል፤ ይቻላል። ፓወር ሰፕላይ፣ ራም፣ ማዘርቦርድና ስክሪን ያለ ዲስክ እስከ ባዮስ ድረስ ይፈተሻሉ፤ ከዚያ በላይ ከፈለጉም የራሳቸውን ፍላሽ ሰክተው ሊያስነሱት ይችላሉ። ዲስክ ካልመጣ አንሠራም ካሉ ኮምፒውተሩን ይዛችሁ ወደ ሌላ ቤት ሂዱ።