ሳሩ ሰው ሠራሽ፣ ጭቃው የራሳችን

የቤተሰቤ ቤት ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና ነው። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ከዚሁ ይገምተዋል። አፈሩ መረሬ ነው፤ ጥቁር ዋልካ። ለጤፍ ይስማማዋል፣ ለጫማ ግን ጠላት ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ አብጦ ይገጥምና ውሃ አላሳልፍም ይላል።

ሚያዝያ ላይ ትንሽ ብር ተረፈኝና እናቴን ከጭቃው ልገላግላት ብዬ 60 ካሬ አርቲፊሻል ሳር ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው «ከሥሩ ቀዳዳ አለው፣ ውሃ አይዝም» አለኝ። አልዋሸም፤ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ግን ውሃውን የሚያወርደው ወደ አፈሩ ነው። አፈሩ አልቀበልም ቢልስ? ያን አልጠየቅሁም። መሬቱን ደለደልን፣ አረም እንዳይወጣ ብለን ላስቲክ ዘረጋን፣ ትንሽ አሸዋ በተንን፣ አነጠፍነው። አማረ። ለሁለት ወር።

ሐምሌ ላይ ሳሩ ውሃ የጠጣ ፍራሽ ሆነ። ሲረግጡት ይንቦጫረቃል። አሸዋው አንዱ ጋ ተከማችቶ ሌላው ጋ ጉድጓድ ሆነ። ነሐሴ ሲደርስ የረጋው ውሃ ሸተተ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ የድሮውን ቦቲ ጫማዋን አወጣች። ከስድብ ይብሳል።

አጎቴ ገበሬ ናቸው። አንድ ቀን መጡና ከበሩ ላይ ቆመው አዩት።

«እኛ ለጤፉ ፈሰስ እናወጣለታለን። አንተ ለግቢህ ምን አወጣህለት?»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማሳ አይደለም።»

«ውሃው ይህን በምን ያውቃል?»

ፈሰስ ማለት ገበሬው ማሳው ላይ በማረሻ የሚያወጣት የውሃ መሄጃ ናት። ቁልቁል ቀጥ ብላ አትወርድም፤ አፈር ጠርጋ እንዳትሄድ ገደም ትላለች። እኔ ሳሩ ላይ ብሬን ስጨርስ ውሃው በየት እንደሚወጣ አንድም ቀን አላሰብሁም።

ሳሩን ጠቅልዬ አነሳሁና ላስቲኩን ጣልሁት። መጀመሪያ አፈሩን ፈተንሁ። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሬ ማታ ውሃ ሞላሁበት። ጠዋት ሳየው እንዳለ አለ። ስለዚህ ውሃውን ወደ ታች አሰርጋለሁ የሚለውን ሐሳብ ተውሁት፤ ወደ ጎን ማስወጣት ብቻ ነው ያለው። አሸዋ ከዋልካው ጋር አደባልቅ ያሉኝም ነበሩ። በጥቂት አሸዋ ዋልካ አይለወጥም፤ ጭራሽ ጡብ ይሆናል።

ቀጥዬ ዝናብ እየዘነበ ወጥቼ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አየሁ። ይህን ቀድሜ ባደርግ ኖሮ! ከግማሽ በላዩ በቀጥታ ከሰማይ አልነበረም፤ ከጣሪያችን ነበር። አሸንዳው ቀጥታ ሳሩ ጥግ ላይ ይደፋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ60 ካሬ ላይ 600 ሊትር፣ ሦስት በርሜል ነው። 100 ካሬው ጣሪያ ደግሞ 1,000 ሊትር፣ አምስት በርሜል ይጨምርበታል። አሸንዳውን ለብቻው በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ አወጣሁት። በርካሽ ካገኘሁት መፍትሔ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

ቁፋሮውን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጀመርን። ጊዜው ለዋልካ ልክ ነው። በክረምት አካፋው ላይ ይጣበቃል፣ በየካቲት ዶማ ይመልሳል። ግቢውን 15 ሳንቲም ያህል ዝቅ አደረግነውና ከቤቱ ወደ አጥሩ ተዳፋት ሰጠነው፤ በ6 ሜትር ውስጥ 9 ሳንቲም። በዓይን አይታይም። ውሃ በሞላነው የላስቲክ ቱቦ ነው የለካነው፤ በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ከፍታ ላይ ይቆማልና።

በአጥሩ ሥር ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ቦይ ቆፈርን። እሱም በየሜትሩ አንድ ሳንቲም ይወርዳል። ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ጨርቅ አለበስነው። ጨርቁ ውሃ ያሳልፋል፣ ጭቃው ግን ከጠጠሩ ጋር እንዳይደባለቅ ያግዳል። ውስጡ በመሰርሰሪያ የበሳሁትን 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ አጋደምሁ። ቀዳዳውን ወደ ላይ ላደርገው ስል ሠራተኛው ሳቀብኝ። ወደ ታች ነው የሚሆነው፤ ውሃው ከሥር ሞልቶ ይገባል፣ ጠጠርም አይደፍነውም። ከዚያ ዙሪያውን በጠጠር ሞላነው።

ግቢው ሙሉ ላይም ጨርቅ፣ በላዩ 10 ሳንቲም ጠጠር። እዚህ ላይ ተሸውጃለሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ጠጠር ዱቄቱ የበዛ ነበር። አንድ እፍኝ ባልዲ ውስጥ ባጥበው ውሃው ቡና መሰለ። መለስሁት። ዱቄቱ ሲረጋ ሌላ ዋልካ ነው የሚሆንብህ። ንጹሑ ከመጣ በኋላ በተከራየነው ኮምፓክተር ተጠቀጠቀ። ሳሩን መልሶ ማንጠፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

መውጫው ላይ ከጎረቤት ጋር ልጣላ ነበር። ቱቦው ወደ እነሱ አጥር ያመራ ነበርና ሳልሸፍነው አሳየኋቸው። «በእኛ ላይማ አትለቀውም» አሉኝ። ፈሰስ በገጠርም ያጣላል። ሦስት ሜትር ቱቦ ጨምሬ ወደ መንገዱ ቦይ አዞርሁት።

በሐምሌ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘነበ። እናቴ በነጠላ ጫማ ወጥታ ልብሷን ሰበሰበች። አጎቴ ሳሩን ዞር ብለውም አላዩት። ቀጥታ ቱቦው አፍ ጋ ሄደው ጎንበስ አሉና የሚወጣውን ውሃ በመዳፋቸው ተቀበሉት። ጥርት ያለ ነበር።

በሩ አጠገብ ግን አንድ ጥግ አሁንም ረጠብ ይላል። ቦዩ እዚያ ጋ ትንሽ ሰምጧል፤ ስንሞላው በየንብርብሩ አልጠቀጠቅነውም ነበር። ጥቅምት ሲገባ እዚያችን ገልጬ ጠጠር እጨምርባታለሁ።