ፓሳዴና ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ መዋል

ሾው ሃውስ የሚባለውን ነገር ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ እሱን ላስረዳ። አንድ የቤት ባለቤት ትልቅ ቤቱን ለጥቂት ወራት ለበጎ አድራጎት ማኅበር ያውሳል። ማኅበሩ ክፍሎቹን ለዲዛይነሮች ያከፋፍላል። አንዱ ሳሎኑን ይወስዳል፣ ሌላው መኝታ ቤቱን፣ ሌላው ከደረጃው ሥር ያለችውን ጥግ። ለቀለሙም፣ ለመጋረጃውም፣ ለሠራተኛውም ወጪውን የሚችለው በአብዛኛው ራሱ ዲዛይነሩ ነው። በምላሹ ሥራውን ለብዙ ሰው ያሳያል። ቤቱ ለጥቂት ሳምንታት በትኬት ይከፈትና ገቢው ለተባለለት ዓላማ ይውላል። ከዚያ ዕቃው ሁሉ ይነሳል፣ ቤቱም ለባለቤቱ ይመለሳል።

አሜሪካ ውስጥ የቆየ ነገር ነው። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለችው ፓሳዴና እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ለሙዚቃ ገንዘብ የሚያሰባስብ ሾው ሃውስ አላት። ኒው ዮርክ ውስጥ ኪፕስ ቤይ የሚባለው ደግሞ በ1973 ተጀመረ፤ ገቢው ለልጆችና ለወጣቶች ክበብ ነው። እኔ የሄድኩት ከእነዚህ ወደ አንዱ አይደለም። እዚያው ፓሳዴና አካባቢ ያለ፣ አነስ ያለ፣ ለተማሪዎች ስኮላርሺፕ የሚሠራ ነው። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ እዚያ ታግዛለች። «ሰው አጥሮናል፣ ለምን አትመጪም?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሳሎኔን ምን ቀለም እንደምቀባው መወሰን አቅቶኝ ከርሜያለሁ። ሲያትል ያለው አፓርታማዬ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ነጭ ነው፤ እሱም ደስ የማይል ነጭ። ትኬት ቆረጥኩ።

ከሲያትል በርባንክ ያለውን በረራ ተኝቼ ነው የጨረስኩት። ሎስ አንጀለስ ትልቁ ኤርፖርት ከማረፍ በርባንክ ይሻላል፤ ለፓሳዴና በጣም ቅርብ ነው።

ማደሪያው ግን አንጀቴን አሳርሮታል። በኢንተርኔት የተከራየሁት ክፍል በአዳር 95 ዶላር ይላል። ልከፍል ስል የጽዳት 70 ዶላር ተጨመረ፣ ከዚያ የአገልግሎት፣ ከዚያ ግብር። እሺ ብዬ ከፈልኩ። ደርሼ ሳየው ክፍሉ ለ210 አውራ ጎዳና የተጠጋ ነው። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። መጋረጃው ስስ ነጭ ጨርቅ ነው፣ የመንገዱ መብራት ደግሞ ቀጥታ ትራሱ ላይ ያርፋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። በዚያ ላይ የጽዳት ገንዘብ የተቀበሉበት ክፍል ዳቫንዛሌው በአቧራ ተሸፍኗል። ጠዋት በጣቴ ጠርጌ አየሁት። እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ቤቱን ሳይ ግን ሌሊቱን ረሳሁት። በ1920ዎቹ የተሠራ፣ ስፓኒሽ ኮሎኒያል ሪቫይቫል የሚሉት ዓይነት ነው። ወፍራም ነጭ ግድግዳ፣ ቀይ የሸክላ ጣሪያ፣ የብረት መስኮቶች። መንገዱ ግራና ቀኝ በጃካራንዳ ተሞልቷል፤ ሜይ ስለነበር አስፋልቱ ሳይቀር ሐምራዊ ሆኗል። ጎብኚ መኪናውን ሌላ ቦታ አቁሞ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው፣ አለዚያ ሰፈሩ አይችለውም።

ለበጎ ፈቃደኞች የተሰጠን ማብራሪያ አጭር ነበር። ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ አይገባም፣ የእንጨት ወለሉን ይወጋል። መጠጥ ይዞ መግባት የለም። ወንበር ላይ መቀመጥ የለም፣ እኛም ጭምር። ለእያንዳንዳችን ክፍል ተመደበልን፣ የዲዛይነሩና የቀለሞቹ ስም፣ የሚሸጡት ዕቃዎችና ዋጋቸው የተጻፈበት ወረቀትም ተሰጠን። በየክፍሉ ያለው አብዛኛው ነገር ይሸጣል። እኔ ክፍል ውስጥ የነበረው የጠረጴዛ መብራት ብቻ 1,400 ዶላር ነበር።

እኔን የመደቡኝ ፎቅ ላይ፣ ከመኝታ ቤት ጎን ያለች ትንሽ የማንበቢያ ክፍል ነው። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ሳሎኑን ነበር የፈለግኩት። ግን ይቺ ክፍል ናት ያስተማረችኝ።

ሙሉ በሙሉ አንድ ቀለም ናት። ወደ ወይራ የሚያደላ አረንጓዴ። ግድግዳው፣ ኮርኒሱ፣ የበሩ ክፈፍ፣ ዘኮሎው ሳይቀር። እኔ ብሆን ኮርኒሱን ነጭ አደርገው ነበር፤ ትንሽ ክፍል ስለሆነች። እዚያ ቆሜ ሳየው ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ኮርኒሱ ነጭ ሲሆን ዓይን ግድግዳው የት እንዳለቀ ወዲያው ይለያል። ሁሉም አንድ ሲሆን መጨረሻው አይታይም። ክፍሏ ጠበበች ብሎ ያማረረ ጎብኚ አልሰማሁም።

ዋናው ነገር ግን ብርሃኑ ነው። ደቡብ ካሊፎርኒያ በሜይና በጁን ጠዋት ጠዋት ከባሕር የሚመጣ ደመና ይሸፍነዋል። «ሜይ ግሬይ» ይሉታል፣ የጁኑን ደግሞ «ጁን ግሉም»። ሎሳንጀለሶች ያማርራሉ። ለእኔ የቤቴ ሰማይ ነበር። በሩ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲከፈት ያ አረንጓዴ ግራጫ መስሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ትንሽም ጨልሞ ቆየኝ። «ይሄማ ሲያትል አይሆንም» አልኩ። ስድስት ሰዓት ግድም ደመናው ተገፈፈ። ፀሐዩ በምዕራቡ መስኮት መግባት ሲጀምር ግድግዳው ወርቃማ ሆነ። ከሰዓት በኋላ የመጡ ሰዎች «ምን ዓይነት ሙቀት ያለው ቀለም ነው!» ይላሉ፤ ጠዋት የመጡት ደግሞ «ትንሽ ደበዘዘ» ብለውኝ ሄደዋል። አንዱም ተሳስቶ አይደለም። ጎብኚ አንድ ክፍል ውስጥ የሚቆየው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። መጽሔት ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ የአንዲት ቅጽበት ነው፣ እሷም ምርጧ ተመርጣ። ቀለም የሚታወቀው አብሮት ሲዋል ነው። ይህን ሰው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ጭንቅላቴን ነቅንቄ እረሳው ነበር፤ በእግሬ ቆሜ ስላየሁት አልረሳውም።

ጠዋት ላይ ክፍሏን ያዳናት መብራቱ ነው። የኮርኒሱ መብራት ጭራሽ አልበራም። በምትኩ ሦስት መብራቶች በተለያየ ከፍታ ነበሩ፦ አንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ ከወንበሩ ኋላ የቆመ፣ አንዱ መደርደሪያ ውስጥ የተደበቀ። አንድ ቀን ጠዋት የመደርደሪያው ጥግ ፋርማሲ መስሎ ጠበቀን። ማታ የተቃጠለ አምፖል የቀየረ ሰው 4,000 ኬልቪን የሚል፣ ብርሃኑ ነጭና ቀዝቃዛ የሆነ አምፖል አስገብቶ ነው። የዲዛይነሩ ረዳት ገና ከበሩ አይታ ቦርሳዋን ከፈተች፣ 2,700 የሚል፣ ብርሃኑ ሞቅ ያለ አምፖል አውጥታ ቀየረችው። ጥጉ ወዲያው ተመለሰ። የአምፖል ካርቶን ላይ ያለችውን ቁጥር ከዚያን ቀን በፊት አንብቤ አላውቅም። የምትከፈለው ጥቂት ዶላር ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ካየሁት ሁሉ ርካሹና ትልቁ ለውጥ እሱ ነው።

ከእኔ ክፍል ውጭ፣ ደረጃው ራስጌ የቆሙ አንዲት ሴት ነበሩ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ በየዓመቱ ይመጣሉ። እግሬ ሲከዳኝ አይተው ምንም ሳይሉ ታጣፊ በርጩማቸውን ከመጋረጃው ኋላ አወጡልኝ። የተከለከለው የቤቱን ወንበር መንካት ነው እንጂ የራስን በርጩማ ማምጣት አይደለም። «እኔ ዕድሜ ልኬን ቆሜ ሠርቻለሁ፣ ለምጄዋለሁ፤ አንቺ ቁጭ በይ» አሉኝ። እምቢ ብል አልሰማ አሉ፣ በተራ ለመቀመጥ ተስማማን። ምሳም ያካፈሉኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ነገርም አስተማሩኝ። «ዕቃውን ሳይሆን የሰዉን እጅ ተመልከቺ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ አላየሁም። ሰው ክፍል ሲገባ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ጨርቅ ላይ ነው። ከዚያ የበሩ ጠርዝ። ኮሪደሩ ኖራ በሚመስል፣ በብሩሽ እየተመታ በሚቀባ ቀለም ተሠርቷል፤ ሲታይ በጣም ያምራል። መታጠፊያው ጥግ ላይ ግን፣ ወገብ ከፍታ ላይ፣ የእጅ ቅባት ጥላ ፈጥሯል። ጠዋት ጠዋት አንድ ልጅ ትንሽ ብሩሽ ይዞ እየመጣ ይነካካዋል። አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ጋር አይገጥምም፤ በቅርብ የሚያይ ሰው ያውቀዋል። ሥራውን አላቃለልኩም፣ ቆንጆ ነው። ኮሪደር ላይ ግን የሚታጠብ ቀለም ነው የምፈልገው።

ሰዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የቀለሙ ስም ማነው? ዋጋው ስንት ነው? ቴሌቪዥኑ የት ይቀመጣል? ሦስተኛው ጥያቄ ዲዛይነሮቹን ያናድዳቸዋል መሰለኝ፣ ግን ልክ ነው። ሰው የሚያየው ራሱን እዚያ ቁጭ አድርጎ ነው።

ሳሎኑን በእረፍት ሰዓቴ አየሁት። ውድ ነው፣ ግን አይመችም። ሶፋው ላይ ያለው ትራስ ብዛት ለሰው ቦታ አይተውም። ሰው ገብቶ «ዋው» ብሎ በሌላኛው በር ይወጣል። የሚሰለፉት የት መሰላችሁ? ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ። ከኋላው ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከገንዳው በላይ እርጥብ ልብስ የሚሰቀልበት ዘንግ አለ። ማሽኖቹ ላይ ለማጠፊያ የሚሆን አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ጣውላ። ከገንዳው ሥር በር ሳይሆን ባለ መስመር ጨርቅ የተሸበሸበ መጋረጃ። እዚያ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይለካል፣ ባልና ሚስት ይከራከራሉ፣ «እኛም ቤት ይሆናል» ይላሉ። እኔም ፎቶ አነሳሁ፣ ከሁሉም አብልጬ።

ማታ ሲዘጋ ጨርቅ ማራገፍ የእኛ ሥራ ነበር። የክፍሌ መጋረጃ ለምን ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ ያወቅኩት ያኔ ነው። ዘንጉ የተሰቀለው መስኮቱ ራስ ላይ ሳይሆን ኮርኒሱ ሥር ነው፣ ጨርቁም ወለሉን ሊነካ ለጥቂት ነው የቀረው። ጫፉን ሳነሳው ከበደኝ። እጥፋቱን በጣቴ ስዳስስ ሁለቱም ማዕዘን ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ክብደት ተሰፍታበታለች። የራሷ ትንሽ ከረጢት አላት፣ ስፌቱ በእጅ ነው፣ ክሩ ከጨርቁ ቀለም ጋር አንድ ነው። ማንም ጎብኚ አያያትም። እሷ ባትኖር ግን ጨርቁ ይጠማዘዛል። እንዲህ ያለ የማይታይ ሥራ ሳይ ልቤ ይሞላል።

ነጻ በሆንኩበት ቀን ጋምብል ሃውስን አየሁ። ፓሳዴና ሄዶ እሱን ሳያዩ መመለስ ነውር ነው። ቻርልስና ሄንሪ ግሪን የተባሉ ወንድማማቾች የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያን ከመሠረቱት ወገን ለሆነው ለጋምብል ቤተሰብ በ1908 የነደፉት የእንጨት ቤት ነው። ሾው ሃውሱ ውስጥ ከክፍል ክፍል ስትሄዱ ሌላ ሰው ቤት የገባችሁ ያህል ይሰማችኋል፤ ከአረንጓዴው ወጥታችሁ ሮዝ ውስጥ ትገባላችሁ። ጋምብል ሃውስ ግን መብራቱም፣ ወንበሩም፣ የደረጃው መደገፊያም ከአንድ እጅ የወጣ ነው። የእንጨቱ ጠርዝ ሁሉ ተሞርዶ ክብ ሆኗል፣ የሚቆርጥ ማዕዘን አላየሁም። ውስጡ ጨለም ይላል፣ ጣሪያው ሰፊ ክንፍ ስላለው። ያ ጨለማ ተመቸኝ። የዝናብ አገር ሰው ስለሆንኩ ይሆናል።

የተከራየሁትን ክፍል ለቅቄ የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ባልደረባዬ ሶፋ ላይ አደርኩ። ከዚያ አልጋ ሶፋው ይሻላል።

መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ፦ በጎ ፈቃደኛ የሚመዘግቡት ቤቱ ከመከፈቱ ወራት ቀደም ብሎ ነው፣ የምትሠሩትም በፈረቃ ነው። ጠፍጣፋ ጫማ ያዙ። ትንሽ ክፍል ከሰጧችሁ እሺ በሉ፤ ከቻላችሁ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሌላ ቀን ከሰዓት ጠይቁ። መጨረሻው ላይ ዕቃው ዋጋ ሲቀንስ ጥሩ ነገር ይገኛል፤ እኔ ከማጠቢያ ክፍሉ አንድ ቅርጫት በ20 ዶላር ወሰድኩ።

ሲያትል ስመለስ አረንጓዴውን ትልቅ ካርቶን ላይ ቀባሁት። መጀመሪያ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ አቆምኩት፣ ሞተ። ከመስኮቱ ትይዩ አዞርኩት፣ እዚያ ነፍስ አለው። ስለዚህ አንዱን ግድግዳ በሌላ ቀለም መሞከሬ አይቀርም። አምፖሎቹን ቀይሬያለሁ። ለመጋረጃው የማውቃት ልብስ ሰፊ ክብደቱን በእጇ ልትሰፋልኝ ተስማምታለች፤ አሁን የቀረኝ ጨርቅ መምረጥ ነው።